እኔ ፖሙን ስበላ ፖሙ ይበላኛል

ይህን ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። ጠዋት ነው። ለሥራ እየተጣደፈች አንድ ፖም አንስታ ሁለት ጊዜ ገመጠችና አስቀመጠችው። ምላሷን ከላንቃዋ ጋር እያፋተገች «ይገርምሻል፣ እኔ ፖሙን ስበላ ፖሙ እኔን ይበላኛል» አለችኝ። የከንፈሯ ዳር ቀላ ብሏል። ጆሮዋን ከውስጥ እያሳከካት በጣቷ ትነካካለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ጠፋ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ሁለታችንም ነገሩን ንቀን አለፍነው። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሕመሙ ትክክለኛ ስሙን እስኪያገኝ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሄደ። በመካከሉ ልናጣት የደረስንበት አንድ ቀን አለ። ይህን የጉዳይ ጥናት የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ስሟንና የምትኖርበትን ቦታ ግን እተወዋለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ማስታወሻ ደብተሩን የያዝኩት፣ ቀጠሮዎቹ ላይ አብሬያት የተቀመጥኩት፣ ያን ክፉ ቀን አምቡላንስ የጠራሁት እህቷ ነኝ።

በቀጠሮ የሚመጣ ጉንፋን

ነገሩ የጀመረው በፖም አይደለም፤ በአፍንጫ ነው።

እህቴ በርች የሚባለው ዛፍ በብዛት ወደሚበቅልበት ቀዝቃዛ አገር ስትመጣ 20 ዓመቷ ነበር። በርች ቅርፊቱ ነጭ የሆነ ቀጭን ዛፍ ነው። የሚራባው በንብ ሳይሆን በነፋስ ስለሆነ የአበባ ብናኙን ያለ ስስት ይበትነዋል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በጸደይ ሳምንታት አየሩ በዚህ ብናኝ ይሞላል። ብናኙ በዓይን አይታይም። የዛፉን ስም የማያውቅ ሰው ምን እየተነፈሰ እንደሆነ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ደህና ነበረች። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። «አለርጂ ቢኖርብኝ ኖሮ ያኔውኑ ይነሳብኝ ነበር» እንላለን። ሰውነት ግን መጀመሪያ ከነገሩ ጋር መተዋወቅ አለበት። አዲስ አገር የሄደ ሰው የዚያን አገር ብናኝ መቆጣት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ማስነጠስ ጀመረች። አፍንጫዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። ዓይኗ ይቀላል፣ ያሳክካታል። ትኩሳት ግን የላትም። ጉንፋን ነው አለች። በአራተኛውም ዓመት በዚያው ወር ያው ጉንፋን መጣ፤ በአምስተኛውም። ዓመት ጠብቆ በቀጠሮ የሚመጣ ጉንፋን እንደሌለ ያኔ ልብ አላልንም። ፖሙ አፏን የበላት በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው የማስነጠስ ወር ውስጥ ነው። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝ ክር ፊታችን ተዘርግቶ ነበር። አላየነውም።

የተሳሳቱት መልሶች

መጀመሪያ የጠረጠርነው ፀረ ተባይ መድኃኒቱን ነው። ፖሙን በሆምጣጤ አጠበችው። ያው ሆነ። ቀጥሎ ልጣጩ ላይ የሚቀባው ሰም ይሆናል አልን፤ ላጠችው። ትንሽ ቀለል አለላት እንጂ አልቀረም። ቆየት ብሎ ኮክም ያሳክካት ጀመር። ከዚያ ቼሪ መጣ፣ ከቼሪ በኋላ ጥሬ ካሮት። ካሮቱ ግራ አጋባን። ከዛፍ የሚወርድ ፍሬና ከመሬት የሚነቀል ሥር ምን ያገናኛቸዋል?

የሄደችበት አንድ ክሊኒክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ፍራፍሬ ሙሉ በሙሉ አቁሚ» ብሎ ሸኛት። ጥሬ ነው የበሰለ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ማስነጠሷም አልተነሳም። ከዚያ ብሶ፣ ከሌላ ቦታ ባገኘችው ምክር የደም ምርመራ አሠራች። ውጤቱ በርካታ ገጾች ነበሩት። ከሠላሳ በላይ ምግቦች በቀይ ተጽፈዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ያለ ችግር የበላቻቸው ነገሮች ሳይቀሩ አሉበት።

ስለዚህ ምርመራ ትንሽ ልቆይ፤ ዛሬም ሰዎች ሲያሠሩት ስለማይ ያንገበግበኛል። የተለካው አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ ነበር፤ አንቲቦዲ ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። አይጂጂ ሰውነታችን ለለመደው ምግብ ሁሉ ሊያመርተው የሚችል ነገር ነው። መኖሩ የሚያሳየው ምግቡን መብላታችንን ነው። አለርጂን የሚያስነሳው ሌላ ነው፤ አይጂኢ ይባላል። የአውሮፓም የአሜሪካም የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት የአይጂጂ ምርመራን ለምግብ አለርጂ እንዳንጠቀምበት በግልጽ ጽፈዋል። እህቴ ግን ያን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ ስምንት ወር ኖረችበት። ከሳች። ሰው ቤት መጋበዝ ትፈራ ጀመር። ምግብ ሲቀርብ ፊቷ ሲጨማደድ አያለሁ።

ያተረፋት አንድ ኬክ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ልደት ላይ ሳታውቅ ፖም የተጋገረበት ኬክ በላች። ምን እንደነበረበት ሲነግሯት ደነገጠች። ከንፈሯን ነካችው። ጠበቀች። ምንም አልሆነችም።

ሁለት ዓምድ ያለው ደብተር

ማታ ስትነግረኝ ደብተር አወጣሁ። ገጹን በመስመር ከፈልኩት። በግራ «ጥሬ»፣ በቀኝ «የበሰለ» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ ቀኑን፣ የበላችውን መጠንና በስንት ደቂቃ ምን እንደተሰማት አሰፈርን። አዲስ ነገር እንድትሞክር አላደረግንም፤ በዚያ በኩል እድለኞች ነን። በአጋጣሚ የበላችውን ብቻ ነው የመዘገብነው። አፏን ያሳከካትን ምግብ ሆነ ብሎ በቤት ውስጥ መሞከር አደጋ እንዳለው ያኔ አናውቅም ነበር።

ክረምቱን ሙሉ መዘገብን። ግራው ዓምድ ሞላ። ቀኙ ባዶ ሆነ። ጥሬ ካሮት፦ ላንቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ሾርባ ውስጥ የበሰለ ካሮት፦ ምንም። ጥሬ ፖም፦ ምላስና ጆሮ። የፖም ማርማላታ፦ ምንም። አንድ ሌላ ነገርም ታየ። በበረዶው ወራት የቀመሰችው ፖም የጸደዩን ያህል አላስቸገራትም። ይህን «ምናልባት ዝርያው ይለያይ ይሆናል» ብዬ ከጎኑ ጻፍኩበት። ግማሽ እውነት ነው። የፖም ዝርያዎች በእርግጥ ይለያያሉ፤ ጎልደን ዴሊሽየስና ግራኒ ስሚዝ አለርጂ በማስነሳት ይታወቃሉ፣ ሳንታና የሚባለው ደግሞ ለብዙዎች ይቀላል። የእኛ ዋናው መልስ ግን ወቅቱ ነበር።

የአኩሪ አተሩ ቀን

ቅዳሜ ነበር። የበርች ብናኝ ከፍ ያለበት ሳምንት ነው። እህቴ ከሦስት ሳምንት በፊት በጨጓራ ሕመም ምክንያት ኦሜፕራዞል ታዞላት በየቀኑ እየወሰደች ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ሮጠች። ስትመለስ በባዶ ሆዷ የፕሮቲን ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ ግማሽ ሊትር ያህል ጠጣች። ዱቄቱ ከአኩሪ አተር የተሠራ ነው። ስትጠጣው የመጀመሪያዋ ነው።

አሥር ደቂቃ አልሞላም። «አፌ ጀመረኝ» አለች። የለመድነው ነገር ስለሆነ አልደነገጥኩም። ቀጥሎ መዳፏ ያሳክካት ጀመር። ከዚያ አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። የዓይኗ ቆብ አበጠ። ድምጿ ተቀየረ፤ አፏ ውስጥ ትኩስ ድንች የያዘች ይመስል ነበር። «ጉሮሮዬ ጠበበኝ» ስትለኝ ልቤ ወደቀ።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን በግልጽ እጽፈዋለሁ። ለማስነጠሷ የምትወስደውን የአለርጂ ክኒን ሰጠኋትና እስኪሠራ እንጠብቅ አልኩ። ያ ክኒን ማሳከክን ይቀንሳል፤ ጉሮሮ ሲዘጋና የደም ግፊት ሲወርድ ግን አያድንም። ጊዜ ብቻ ነው የበላብን። ሁለተኛው ጥፋት፣ ፊቷን በመስታወት ልይ ብላ ስትነሳ አልከለከልኳትም። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተዝለፈለፈች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው በጀርባው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ማለት አለበት። መተንፈስ ካቃተው ተቀምጦ ይደገፍ፤ መቆምና መራመድ ግን በፍጹም የለበትም። ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ልብ ባዶ ይቀራል።

የአምቡላንስ ሰዎች ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት አድሬናሊን ጭኗ ላይ፣ ከውጭ በኩል መውጋት ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ድምጿ ሲመለስ ሰማሁት። ያንን ድምፅ አልረሳውም። ሆስፒታል አሳድረው ተከታተሏት። ትሪፕቴዝ ለሚባል ምርመራ ደም ቀዱ። ትሪፕቴዝ የአለርጂ ሴሎች ሲፈነዱ ወደ ደም የሚለቁት ነገር ነው። ያን ቀን ከፍ ብሎ ተገኘ። በማግስቱ ሲለካ ወርዷል። አናፊላክሲስ ነበር፤ መላ ሰውነትን የሚያጠቃና ሊገድል የሚችል የአለርጂ ምላሽ።

ስትወጣ ለአኩሪ አተር የተለመደው የአይጂኢ የደም ምርመራ ተሠራላት። ውጤቱ ነጋቲቭ ሆነ። «አኩሪ አተሩ አይመስልም» ተባልን። ይህ ዓረፍተ ነገር ወደ ቤት ይዘን ከሄድናቸው ነገሮች ሁሉ አደገኛው ነበር። ዱቄቱ ገና ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

መርፌ ሳይነሳ የተጠየቁት ጥያቄዎች

ከስድስት ሳምንት በኋላ የአለርጂ ስፔሻሊስት ዘንድ ገባን። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመረመሩም፤ ጠየቁ ብቻ።

«አፍንጫሽ መቼ መቼ ነው የሚያስቸግርሽ?»

«ጸደይ ላይ። ጉንፋን ይይዘኛል።»

«በየዓመቱ?»

ዝም አለች። ዞራ አየችኝ። እዚያች ቅጽበት ላይ ነገሩ ለሁለታችንም ገባን።

ቀጠሉ። ፖሙ ጥሬ ነው የበሰለ? በስንት ደቂቃ? የት ላይ ይጀምራል? ወደ ታች ይወርዳል ወይስ አፍ ላይ ይቀራል? ያን ቀን ስፖርት ሠርተሽ ነበር? መድኃኒት ትወስጂ ነበር? አልኮል? ምን ያህል ጠጣሽ? ደብተሩን ሰጠኋቸው። በጥሞና አገላበጡትና «ግማሹን ሥራ ሠርታችሁልኛል» አሉ።

ከዚያ የቆዳ ምርመራው መጣ። ለዚህ ሲባል የአለርጂ ክኒኗን ከሳምንት በፊት እንድታቆም ተነግሯት ነበር፤ ካላቆሙት ቆዳው ዝም ይላል። ክንዷ ላይ ጠብታዎች ተደረጉ፣ በቀጭን መርፌ ጫር ጫር ተደረጉ፣ 15 ደቂቃ ተጠበቀ። ከባዶው ጠብታ በ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ እብጠት እንደ ፖዘቲቭ ይቆጠራል። በርቹ 9 ሚሊ ሜትር አበጠ። የሣር ብናኙ ምንም። በፋብሪካ የተዘጋጀው የፖም ጠብታም ምንም!

እህቴ ልታለቅስ ደረሰች። «ውሸታም ሊሉኝ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። ሐኪሟ ግን ፈገግ ብለው ይዘሽ ነይ ያልኩሽን ፖም አውጪው አሏት። መርፌውን መጀመሪያ ፖሙ ላይ ወጉ፣ ወዲያው በዚያው መርፌ ክንዷን። 6 ሚሊ ሜትር አበጠ። የሚረብሸው የፖም ፕሮቲን በጣም ስስ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ጠብታው ሲዘጋጅ ይበላሻል። ስለዚህ ከጥሬው ፍሬ መፈተን ያስፈልጋል። ከተጋገረው ፖም ሲሞክሩ ደግሞ ክንዷ ጸጥ አለ። የደብተራችን ሁለት ዓምድ ክንዷ ላይ ተጽፎ አየነው።

መጨረሻ ላይ ደም ተልኮ ምግቡ በጅምላ ሳይሆን ፕሮቲኖቹ አንድ በአንድ ተመረመሩ። የበርቹ ዋና ፕሮቲን ከፍተኛ፤ በመልኩ እሱን የሚመስለው የአኩሪ አተሩ መንትያ ፕሮቲን ፖዘቲቭ፤ ከባዱን የአኩሪ አተር አለርጂ የሚያመጡት የፍሬው የማከማቻ ፕሮቲኖች ነጋቲቭ። የሆስፒታሉ ምርመራ ለምን እንደሳተም ተረዳን። በተለመደው የአኩሪ አተር ምርመራ ውስጥ ያ መንትያ ፕሮቲን በጣም ጥቂት ነው፤ ላይታይ ይችላል። ማሽኑ የተጠየቀውን መለሰ። የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

ዘበኛውና መንትዮቹ

ሐኪሟ ያስረዱንን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። አንድ ዘበኛ አለ እንበል። «ይህን መልክ ያለው ሰው ከመጣ ያዘው» ተብሏል። የተፈለገው ሰው መንትያ ወንድም አለው፤ ምንም ያላጠፋ። ዘበኛው ስም አያውቅም፤ የሚያየው መልክ ነው። መንትያውንም ይይዘዋል።

ዘበኛው አይጂኢ ነው። አፍንጫ፣ አፍና ቆዳ ውስጥ በተደረደሩ ማስት ሴል የሚባሉ ሴሎች ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የተፈለገው የበርች ፕሮቲን ነው፤ ከዛፉ የላቲን ስም ከቤቱላ ቬሩኮሳ ተወስዶ «ቤት ቪ 1» ይባላል። የፖሙ መንትያ «ማል ዲ 1»፣ የአኩሪ አተሩ ደግሞ «ግሊ ኤም 4» ናቸው። ዘበኛው መንትያውን ሲይዝ ሴሉ ሂስታሚን ይለቃል። ሂስታሚን ያሳክካል፣ ያቀላል፣ ያሳብጣል። ለዚህ ነው ፖሙ የሚበላት።

የማይዛመዱ ዕፅዋት እንዴት ይህን መልክ ተጋሩ? እ.ኤ.አ. በ1989 የበርቹ ፕሮቲን ጂን ሲነበብ፣ አተር በሽታን ለመቋቋም ከሚጠቀምበት ጂን ጋር በጣም ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ዕፅዋት በተባይ ወይም በሌላ ችግር ሲጠቁ የሚያመርቷቸው ፕሮቲኖች ቤተሰብ ነው። ካሮትም፣ ኮክም፣ ቼሪም፣ ሴለሪ የሚባለው አትክልትም፣ ሃዘልነት የሚባለው ለውዝ መሰል ፍሬም የየራሳቸው አላቸው። እኔን ይህ ደስ ይለኛል። እህቴን ያሠቃያት ነገር ለዕፅዋቱ ጋሻቸው ነው።

ሐኪሞች ነገሩን ከያዙት ቆይተዋል። ጥሬ ፍራፍሬ የሚያስቸግራቸውን የበርች አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች የሚገልጽ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1942 ወጥቷል። «የአፍ አለርጂ ሲንድሮም» የሚለው ስም የመጣው በ1987 ነው። ዛሬ ብዙዎች «የብናኝና የምግብ አለርጂ ሲንድሮም» ማለትን ይመርጣሉ። እኔም ይህኛውን እመርጣለሁ፤ «የአፍ» የሚለው ቃል አፍ ላይ ብቻ ይቀራል ብለን እንድንዘናጋ ያደርገናል።

ብዙውን ጊዜ በእርግጥ አፍ ላይ ይቀራል። እነዚህ ፕሮቲኖች መልካቸውን ይዘው የሚቆዩት ተጣጥፈው እስካሉ ነው። ሙቀት ሲነካቸው እጥፋታቸው ይፈታል፤ ዘበኛው አያውቃቸውም። የጨጓራ አሲድና ኢንዛይምም እንዲሁ ይፈታቸዋል። ስለዚህ ጥሬው ፖም አፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ አስቸግሮ ጨጓራ ሲደርስ ያበቃለታል።

ታዲያ ያን ቅዳሜ ምን ተፈጠረ? መከላከያዎቹ ሁሉ ባንድ ላይ ተነሱ። መጠጥ ነው፤ ሳይታኘክ ብዙ መጠን በአንድ ትንፋሽ ይገባል። ፕሮቲኑ ተጨምቆ የተከማቸበት ዱቄት ነው፤ አልበሰለም። ሆዷ ባዶ ነበር። ኦሜፕራዞሉ የጨጓራዋን አሲድ ቀንሶታል። ሩጫው አንጀት የሚያሳልፈውን ይጨምራል። ወቅቱ ደግሞ ብናኙ ሰውነቷን አስቀድሞ ያስቆጣበት ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ምናልባት ምንም ባላደረጋት። እ.ኤ.አ. በ2002 የጀርመን ተመራማሪዎች የበርች አለርጂ ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ያለ የአኩሪ አተር ፕሮቲን ጠጥተው በከባዱ የታመሙበትን ሁኔታ ጽፈዋል። ብዙዎቹ ያንን ምርት የቀመሱት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሐኪሟ ይህን ሲነግሩን እህቴ «እኔ ብቻ አይደለሁማ» አለች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት።

በርች የሌለበት አገር የሚኖር አንባቢ ይህ አይመለከተኝም እንዳይል። ራግዊድ ለሚባለው አረም አለርጂ ያለበት ሰው ሙዝ፣ ሐብሐብና ኪያር ሊያሳክኩት ይችላሉ። የሣር ብናኝ ከሜሎንና ከቲማቲም ጋር ይያያዛል። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ አፍህን የሚበላህ ምግብ፣ ጥሬ ነው? አፍንጫህስ በየትኛው ወር ያስቸግርሃል?

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ይግባ። «ከበሰለ ችግር የለውም» የሚለው ለሁሉም አይሠራም። ኮክ ውስጥ «ፕሩ ፒ 3» የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ በተለይ ልጣጩ ላይ ይበዛል፤ ሙቀትም አሲድም አይበግሩትም። ለእሱ አለርጂ ያለበት ሰው የበሰለውም ሊያጠቃው ይችላል፣ ምላሹም ይከብዳል። የእህቴ ደም ለዚህም ተመርምሮ ነጋቲቭ ሆኗል። ማርማላታዋን በሰላም የምትበላው ይህ ስለተረጋገጠ ነው። ሴለሪም ለአንዳንድ ሰው በስሎም አይለቅም። ቀላል የሚመስለው የአፍ ማሳከክ ሐኪም ማየት የሚኖርበት ለዚህ ነው፤ የትኛው ፕሮቲን እንደሆነ በስሜት አይታወቅም።

አሁን የምትበላው

ያን የቀይ ዝርዝር ከማቀዝቀዣው ላይ ራሷ ገነጠለችው። ከሠላሳ በላይ ከሆኑት ምግቦች በእርግጥ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ያልበሰለ የአኩሪ አተር መጠጥና የፕሮቲን ዱቄት ለሁልጊዜ ተከልክሏል። ረጅም ጊዜ በቦካው የአኩሪ አተር ስጎ ውስጥ ፕሮቲኑ ስለሚጠፋ ተፈቀደላት። ቶፉን ሐኪሟ አላመኑትም፤ ስለዚህ ተወችው። ጥሬ ፖም፣ ኮክ፣ ቼሪና ካሮት በብናኝ ወራት አትነካም። ሲበስሉ ትበላቸዋለች። ፖሙን ቆርጣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሞቅ ታደርገዋለች፤ ገንፎ እስኪመስል ማብሰል ሳያስፈልግ ይህ ይበቃታል። ሕፃን ልጅ እያለች ኤግዚማ የሚባል የሚያሳክክ የቆዳ ሕመም ስለነበራት፣ የበሰለውም ቢሆን ቆዳዋን በቀናት ውስጥ እንዳያስነሳው እንድትከታተል ተነግሯታል። እስካሁን አልተነሳባትም።

ሁለት ብዕር መሰል የአድሬናሊን መርፌዎች ይዛ ትዞራለች። ሁለት የሆኑት አንዱ ካልበቃ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሌላው ስለሚያስፈልግ ነው። እኔም በባዶው መለማመጃ ተለማመድኩ። ምልክቱን በቃሌ ይዣለሁ። አፍ ላይ ብቻ ያሳክካል፦ መብላት አቁሚ፣ ጠብቂ። ጉሮሮ ከጠበበ፣ ድምፅ ከተቀየረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ማዞር ከመጣ፣ ወይም ሽፍታ ወጥቶ ትውከት ከተጨመረ፦ መጀመሪያ አድሬናሊን፣ ቀጥሎ አምቡላንስ። ክኒኑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ኦሜፕራዞሉን ሐኪሟ ከጨጓራ ሐኪሟ ጋር ተነጋግረው አስቆሙት። ለአፍንጫዋ የሚረጭ ስቴሮይድ አዘዙላት፤ ብናኙ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ቀድማ ትጀምራለች። ሰውነትን ለበርች ብናኝ የማለማመድ ሕክምናም ጀምራለች። ሦስት ዓመት ያህል ይፈጃል። «ለማስነጠሱ ተስፋ አለኝ፤ ለፖሙ ግን ቃል አልገባልሽም» ነው ያሏት ሐኪሟ። ይህን እውነት ስለነገሯት አከብራቸዋለሁ። ከጀመረች ሁለት ጸደይ አልፏል። ማስነጠሱ በግልጽ ቀንሷል። ፖሙ ዛሬም ይበላታል።

ደብተሩን አሁን የምትይዘው እሷ ናት። የቀኙ ዓምድ ሞልቷል። «ካሮት፣ የበሰለ፣ ሙሉ ሳህን፣ በርች ከፍተኛ፣ ምንም» ይላል ካለፈው ጸደይ የቀረው መስመር። አንድ ጥያቄ ብቻ ክፍት ነው፦ ሃዘልነት። በደም ምርመራው ውስጡ ላለው የበርቹ መንትያ ፕሮቲን ፖዘቲቭ ሆናለች፤ ለአደገኞቹ የማከማቻ ፕሮቲኖች ግን ነጋቲቭ ናት። ሃዘልነት ያለበትን ቸኮሌት ትወዳለችና ደጋግማ ጠይቃኛለች። ቤት ውስጥ አንሞክረውም ብያታለሁ። በሚቀጥለው ወር፣ ብናኙ ካበቃ በኋላ፣ ሐኪሟ ፊት፣ አድሬናሊን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ የተቆላውን በትንሹ ጀምረው ይሰጧታል።